መልስ፦ ቻይናዊውን ገጸ ባሕርይ ለምን ነጭ ተወነው?

በድሮ ሆሊውድ ቻይናዊ ተዋናይ ጠፍቶ ነው ወይ ላልከው፣ በፍጹም አልጠፋም! አና ሜይ ዎንግ ከቻይናውያን ቤተሰብ ሎስ አንጀለስ የተወለደች፣ ገና በድምፅ አልባ ፊልም ዘመን ስሟ የገነነ ተዋናይት ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1937 «ዘ ጉድ ኧርዝ» የተባለው ፊልም ሲወጣ ግን የቻይናዊውን ገበሬ ሚስት የሠራችው ጀርመን የተወለደችው ሉዊዝ ሬይነር ናት። ኦስካርም ወሰደችበት። ባልየውን የሠራው ፖል ሙኒም ነጭ ነው፤ በሜካፕ ቻይናዊ አስመስለውት። የዘመኑ የፊልም ደንብ ደግሞ በነጭና በጥቁር መካከል የፆታ ግንኙነት ማሳየትን ይከለክል ነበር፤ በተግባር ለእስያውያንም ይሠሩበት ነበር። ስለዚህ ባል ነጭ ከሆነ ሚስትም ነጭ ትሁን ተባለ። በታሪኩ ሁለቱም ቻይናዊ ናቸው እኮ! ለአና የታሰበላት ቤት የምታምሰው የሎተስ ሚና ነበር። እምቢ አለች። እኔ በበኩሌ አበጀሽ እላታለሁ፤ ደጓን ሚስት ለነጭ ሰጥተው ክፉዋን ብቻ ለቻይናዊት መተው ግፍ ነው።