መልስ፦ የቤት ራውተሬን ልቀይረው ወይስ ይቆይ?

ወንድሜ፣ «ደብረ ማርቆስ፣ 10 ሜጋቢት መስመር፤ ሳሎን ይፈጥናል፣ ጓሮ ክፍል ይቆራረጣል፤ ዋይፋይ 6 ራውተር ልግዛ?» ላልከው፦ መጀመሪያ ላፕቶፕህን በኬብል ሰክተህ ለካ። በኬብልም 10 ከሆነ አዲሱ ራውተር ፍጥነት አይጨምርልህም። ችግርህ ግድግዳው ነው። 5 ጊጋኸርዝ የሚባለው የዋይፋይ ሞገድ ወፍራም የጭቃ ግድግዳ ሲያልፍ ከ2.4 ጊጋኸርዙ ቀድሞ ይደክማል፤ ቆርቆሮ ከሆነማ ጭራሽ አያሳልፈውም።

ይልቅ እስከ ጓሮ ካት 6 የኔትወርክ ኬብል ዘርጋ (እስከ 100 ሜትር ያደርሳል)፣ ጫፉ ላይ አሮጌ ራውተር ትከል። ከመሰካትህ በፊት የአሮጌውን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻውን) ከዋናው የተለየ አድርግ፤ ለምሳሌ ዋናው 192.168.1.1 ከሆነ 192.168.1.2። ቀጥሎ ዲኤችሲፒውን (ለስልክና ለላፕቶፕ አድራሻ የሚያድለውን) አጥፋ። ኬብሉ በአሮጌው ላን ቀዳዳ (ለቤት ዕቃዎች በሆነው) ይግባ፣ በዋን (ለኢንተርኔት መስመር በሆነው) አይደለም። ዲኤችሲፒው ሳይጠፋ ከቀረ ስልኩ «ተገናኝቷል» እያለ ኢንተርኔት ላይኖር ይችላል። ሁለቱ እንዳይረባበሹ በ2.4ቱ ሞገድ አንዱን ራውተር ቻናል 1፣ ሌላውን 6 አድርግ።

ዋናው ራውተር ራሱ እየጠፋ የሚነሳ ከሆነ ግን ቀይረው።