አምስት ጊዜ ተመርምሬ ነፃ ነህ ተባልኩ፤ ግን አላመንኩም

ጤና ይስጥልኝ። 27 ዓመቴ ነው፤ ደብረ ብርሃን ፋብሪካ ውስጥ እሠራለሁ። ጥቅምት ላይ ለሥራ አዲስ አበባ ሄጄ ከአንዲት ሴት ጋር አደርኩ። በኮንዶም ነው። አልተቀደደም፣ አልወለቀም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ግን ሰላም የለኝም። ኅዳር ላይ ጉሮሮዬን ሲያመኝ በቃ ኤችአይቪ ያዘኝ አልኩ። እስካሁን 5 ጊዜ ተመርምሬያለሁ፤ የመጨረሻው 4 ወር ካለፈ በኋላ ነው። የሚያውቀኝ ሰው እንዳያየኝ ደብረ ሲና ድረስ ሄጃለሁ። ሁሉም ነፃ ነህ ይላሉ። በማግስቱ “ደሜ ከሌላ ሰው ጋር ተቀያይሮ ቢሆንስ?” እላለሁ። ማታ ማታ በስልኬ ባትሪ ምላሴን በመስታወት አያለሁ። አንገቴን እየዳበስኩ እብጠት እፈልጋለሁ። ከፋሲካ በኋላ ላገባ ነው። ቤተ ክርስቲያን የምርመራ ወረቀት አምጡ ብላናለች። እጮኛዬ ምንም አታውቅም። ለስድስተኛ ጊዜ ልመርመር ወይ?

እንቅልፍ ያጣሁት፣ ከደብረ ብርሃን

ወንድሜ፣

ከዚያ ሌሊት የመጣብህ ኤችአይቪ የለም። ከጣት ደም ተወስዶ ወዲያው ውጤቱ የሚነገርህ ምርመራ 3 ወር ካለፈ በኋላ ነፃ ነህ ካለ፣ የዚያ ሌሊት ጉዳይ ተዘግቷል። አንተ 4 ወር አልፎህ ነው የተመረመርከው።

ኮንዶም ሁሉንም አይከላከልም ሲባል ሰምተህ ከሆነ እውነት ነው። ቂጥኝና ሄርፒስ ኮንዶሙ ካልሸፈነው ቆዳ ሊተላለፉ ይችላሉ። የቂጥኝ የደም ምርመራ ካላደረግህ አንዴ አድርግ። (ኮንዶም የተቀደደበት አንባቢ ካለ ግን ወራት አይጠብቅ። የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒቱ በ72 ሰዓት ውስጥ ተጀምሮ ለ28 ቀን የሚወሰድ ነው። በዚያው ቀን ሐኪም ያማክር።)

በኅዳር የደብረ ብርሃን ውርጭ ጉሮሮውን የሚያመው ብዙ ሰው ነው። አንገትህን ደግሞ ተወው። ጤነኛ ሰውም አንገቱ ሥር ሲዳሰስ ትናንሽ እጢዎች ያገኛል። ቀኑን ሙሉ ሲጫኑት ያማል፤ ሲያምህ አበጠ ትላለህ፤ እንደገና ትጫነዋለህ።

ደብዳቤህን ደጋግሜ አነበብኩት። ሁሌም የምቆመው “እጮኛዬ ምንም አታውቅም” ያልክበት ላይ ነው። የሚያንገበግብህ ጥፋቱ ይመስለኛል። ቅጣቱ በሽታ ሆኖ እንዲመጣ እየጠበቅህ ነው፤ ስለዚህ የትኛውም ወረቀት አያሳርፍህም። ላቦራቶሪ ገብተህ ይቅርታ እየፈለግህ ነው፤ እዚያ ደግሞ ይቅርታ አይሰጥም።

ጾሙ ሳይወጣ ለነፍስ አባትህ ተናገር። ለእጮኛህስ? እኔ ብትነግራት እመርጣለሁ። እሷ እንድታጽናናህ ብለህ ሳይሆን፣ የምታገባውን ሰው ማወቅ ስላለባት። ልትቀየምህ ትችላለች። ሠርጉም ሊዘገይ ይችላል። ይህን አልደብቅህም።

ስድስተኛውን ምርመራ ከእሷ ጋር አድርገው፤ አብራችሁ፣ እዚያው ደብረ ብርሃን፣ ሳትደበቅ። ለዚያ ሌሊት ብለህ ግን ሌላ አትጨምር። ዛሬ ማታ ባትሪውን አታብራ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ይከብዱሃል፤ እጅህ ሳታውቀው ወደ አንገትህ ይሄዳል። መልሰው። ሁለት ሳምንት ሞክረህ እንቅልፍ እምቢ ካለህ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አማክር። እንዲህ ያለ ጭንቀት ይታከማል፤ ስታስረዳቸው አዲስ ነገር አይሆንባቸውም።

ከነገርካት በኋላ ጻፍልኝ።