መልስ፦ ሥልጣን ሳይኖር መምራት

«አለቃ አይደለሁም፣ ግን ስብሰባ ላይ ሐሳቤን እንዴት ላሰማ? ፊልምም ቢሆን ጠቁሙኝ» ላልከው ወንድሜ፦ የ1957 እ.ኤ.አ. «ትዌልቭ አንግሪ ሜን»ን እይ። ጥቁርና ነጭ ነው ብለህ እንዳትተወው።

አባቱን ገድሏል ተብሎ የተከሰሰ ልጅ አለ፤ ጥፋተኛ መሆን አለመሆኑን በአንድ ድምፅ የሚወስኑት ጁሪ የሚባሉ አሥራ ሁለት ተራ ዜጎች ናቸው። አሥራ አንዱ የጁሪ አባላት ልጁን ጥፋተኛ ሲሉት ተዋናዩ ሄንሪ ፎንዳ የሚጫወተው አባል ብቻውን ይለያል። «ንጹሕ ነው» ብሎ ግን ድርቅ አይልም፤ «እንነጋገርበት» ነው የሚለው። ዝም ብሎም አልመጣም፦ ግድያው የተፈጸመበትን፣ ልዩ ነው የተባለውን ጩቤ አምሳያ ከልጁ ሰፈር ገዝቶ ኪሱ ይዞታል፤ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ሲሰካው ክፍሉ ይተራመሳል።

እኔን የገረመኝ ቀጥሎ ያለው ነው። «በምስጢር ድምፅ ስጡ፣ እኔ አልገባም፤ አሁንም አንድ ከሆናችሁ እሺ እላለሁ» አለ። አንዲት ወረቀት ተለየች፤ ከአባላቱ የአንድ ሽማግሌ። ሽማግሌውም ገና ስለ ልጁ እርግጠኛ አልነበረም፤ ብቻውን የቆመውን ሰው አክብሮ ነው።