ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ ሦስት ወር አገር ቤት ለመክረም የትኛው ወቅት ይሻለናል?

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 71 ነው፤ ባለቤቴ 67። የምንኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ጡረታ ስለወጣን፣ እንደ ድሮው በሁለት ሳምንት ፈቃድ መሯሯጡን ትተን ሦስት ወር ሙሉ ተረጋግተን አገር ቤት ለመክረም አስበናል። አዲስ አበባ ዘመድ ጠይቀን፣ ሐዋሳና አርባ ምንጭ ሰንብተን፣ በመጨረሻ ድሬዳዋና ሐረር እንሄዳለን። እኔ ስኳርና ደም ግፊት አለብኝ። ሜትፎርሚን፣ ማታ ማታ ኢንሱሊን፣ ለግፊቱ አምሎዲፒንና የሚያሸና ኪኒን እወስዳለሁ። ባለቤቴ አስም አለባት። እኔ ለእንቁጣጣሽ ደርሰን አደይ አበባውን አይተን እስከ ኅዳር እንቆይ ስል፣ ልጆቻችን «በጋ ላይ ሂዱ» ይላሉ። ምን ይመክሩናል?

መልስ፦ በዚህ ክርክር ከልጆችዎ ጋር ነኝ። ጉዞው አዲስ አበባ ላይ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ «ሄደው አደይ አበባውን ይዩ» ብዬ በተውኩዎት ነበር። ግን ሐዋሳ 1,700 ሜትር አካባቢ፣ አርባ ምንጭ 1,300፣ ድሬዳዋ 1,200 ገደማ ከፍታ ላይ ናቸው። ሦስቱም ወባ የሚገኝባቸው ቦታዎች ናቸው። የወባ ዋናው ወቅት ደግሞ ሰው እንደሚመስለው ዝናቡ ሲወርድ ሳይሆን ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ክረምቱ ያቆረው ውሃ በየቦታው ይቀራል፣ ፀሐይ ይወጣል፣ ትንኟም ትበዛለች። እርስዎ ያሰቡት ሦስት ወር ልክ እዚያ ላይ ያርፋል።

እዚህ ላይ ስንደርስ ታካሚዎቼ ሁልጊዜ የሚሉኝን አውቃለሁ፦ «ዶክተር፣ እኛ እኮ እዚያው ያደግን ነን።» በተደጋጋሚ በወባ መያዝ የሚሰጠው ከፊል የመከላከል አቅም ውጭ አገር በኖሩባቸው ዓመታት ይሟሽሻል። ደጋ ላይ ላደገ ሰውማ መጀመሪያውኑም አልነበረውም። ስለዚህ ወባን በሚመለከት እርስዎና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመጣ አሜሪካዊ ጎብኚ እኩል ናችሁ፤ እንዲያውም ዕድሜውና ስኳሩ ሲጨመር የእርስዎ ይብሳል።

የምመክርዎ ገናን ከልጆችዎ ጋር ውላችሁ በታኅሣሥ መጨረሻ ወይም በጥር መጀመሪያ ገብታችሁ በመጋቢት መጨረሻ እንድትመለሱ ነው። ግን ሦስት ወር ለሚቆይ ሰው ከወሩ ይልቅ የቦታዎቹ ቅደም ተከተል ይበልጥበታል።

መጀመሪያ አዲስ አበባ ሁለት ሳምንት ዕረፉ። ከተማዋ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ በየትንፋሹ የምታገኙት ኦክስጅን ሲልቨር ስፕሪንግ ከለመዳችሁት ሦስት አራተኛ ያህል ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ደረጃ ስትወጡ ትንፋሽ ያጥራችኋል፣ ልብ ይፈጥናል፣ እንቅልፍ ይቆራረጣል፣ ግፊትም ትንሽ ከፍ ሊል ይችላል። የግፊት መለኪያዎን ይዘው ይሂዱ፤ ጠዋትና ማታ ይለኩ። እንጦጦን ለሁለተኛው ሳምንት ያቆዩት። ደረት ላይ የሚጫን ሕመም፣ ወይም ተቀምጠውም የማይለቅ የትንፋሽ እጥረት ካለ ግን ከፍታውን አያሳብቡ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ይሂዱ።

ከዚያ በጥር መጨረሻና በየካቲት ወደ ደቡብ ይውረዱ። የአርባ ምንጭ አካባቢ ዋና ዝናብ የሚጠነክረው በሚያዝያና በግንቦት ስለሆነ ቀድማችሁት ትመለሳላችሁ። ሐረርና ድሬዳዋ በመጋቢት መጀመሪያ ይሁኑ፤ ድሬ ከዚያ በኋላ እየጋለች ነው የምትሄደው። ማደሪያችሁን ሐረር አድርጋችሁ ድሬን በቀን ብትጎበኙ ደግሞ የተሻለ ነው፤ ምሽቷ ታሳሳለች፣ ግን ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይቀላል።

ስለ ድሬዳዋ አንድ ነገር ልጨምር፤ «በጋ ስለሆነ ወባ የለም» የሚለው እዚያ አይሠራም። አኖፌለስ ስቴፈንሳይ የሚባል ከእስያ የመጣ የወባ ትንኝ እ.ኤ.አ. በ2016 ሶማሌ ክልል ውስጥ ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኘ፤ በ2022 ድሬዳዋ ውስጥ በደረቁ ወራት ለተነሳው የወባ ወረርሽኝም ምክንያት ሆኗል። ይህች ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። ሰው ውሃ በሚያጠራቅምበት በርሜልና ታንከር ውስጥ ትፈለፈላለች። በከተማዋ የዴንጊ ትኩሳትም ተነስቶ ያውቃል፤ የዴንጊ ትንኝ በቀን ነው የምትናደፈው። ስለዚህ ሌሊት በአጎበር መተኛት ብቻውን አይበቃም፤ ቀንም ረጅም እጅጌና የትንኝ ቅባት ያስፈልጋችኋል።

በበጋም ቢሆን ከደጋ ስትወርዱ የወባ መከላከያ ኪኒን ውሰዱ። ክሎሮኪን ለእኛ አገር አይሆንም። አቶቫኮን-ፕሮጓኒል (ማላሮን) ከመውረድ አንድ ወይም ሁለት ቀን ቀድሞ ተጀምሮ በየቀኑ ይወሰዳል፤ ከወባማው ቦታ ከወጡ በኋላም ሰባት ቀን ይቀጥላል። ስኳርና ግፊት ኩላሊትን ስለሚነኩ ሐኪምዎ ከማዘዙ በፊት የኩላሊት ምርመራ ያድርግልዎ። ኪኒኑን በሥርዓቱ ቢወስዱም፣ አሜሪካ ከተመለሱ ከወራት በኋላ እንኳ ትኩሳት ቢነሳብዎ «ኢትዮጵያ ነበርኩ» ማለት አይርሱ። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነት ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ይነሳል፤ የሜሪላንድ ድንገተኛ ክፍል ደግሞ ካልነገሩት ጉንፋን ነው ብሎ ሊሸኝዎ ይችላል።

የሚያሸናው ኪኒን ቆላ ላይ ነው የሚያስቸግርዎ። በሙቀት ላብ ይወጣል፣ ኪኒኑም ውሃ ያስወጣል፤ ከመቀመጫ ሲነሱ ዞሮብዎ ሊወድቁ ይችላሉ። ሳይጠሙም ውሃ ይጠጡ። በተለይ ተቅማጥ ወይም ትውከት ከያዘዎ ስለሚያሸናውም ስለ ሜትፎርሚኑም ምን እንደሚያደርጉ ሐኪምዎን አስቀድመው ጠይቀው በጽሑፍ ይያዙ። አምሎዲፒን በሙቀት ሁለቱንም እግር ሊያሳብጥ ይችላል፤ ይህ ብዙ አያስደንግጥ። አንድ እግር ብቻ አብጦ ካመመ ግን፣ በተለይ ከ13 ሰዓቱ በረራ በኋላ፣ የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ይታዩ። ኢንሱሊኑ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ አርባ ምንጭ ላይ ቀኑ ከ30 ዲግሪ ሊያልፍ ስለሚችል ማቀዝቀዣ ቦርሳ ያስፈልገዋል። የስምንት ሰዓቱ ልዩነትም የማታውን ኢንሱሊን ሰዓት ያፋልሳል፤ የመጀመሪያው ቀን መጠን ስንት እንደሚሆን ሳይጠይቁ አይነሱ።

ባለቤትዎን በጋው ሁሉ በሁሉ አይስማማቸውም። አዲስ አበባ በደረቁ ወራት አቧራ አላት። የጥር ሌሊት ብርድ ደግሞ ቤት ዘግቶ ከሰል ማንደድን ያመጣል፤ ይህ ለአስም ብቻ ሳይሆን ለማንም አደገኛ ነው። የከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይገድላል። ዘመድ «ይበርዳችኋል» ብሎ ምድጃ ወደ መኝታ ቤት ቢያስገባ፣ ይቀየም እንጂ አስወጡት። የመከላከያ ኢንሄለራቸውን ከመጓዛቸው በፊት ጀምረው ሳያቋርጡ ይውሰዱ።

ዘመድ ካልኩ አይቀር፣ ለስኳርዎ ከአየር ንብረቱ ይልቅ የሚያሰጋኝ ግብዣው ነው። ሦስት ወር ሙሉ በየቤቱ «አንድ ጉርሻ ብቻ» ሲባል ሰው ቁጥጥሩን ይስታል። ዐቢይ ጾምም ብዙውን ጊዜ በየካቲት ስለሚገባ፣ የሚጾሙ ከሆነ ኢንሱሊን እየወሰዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ መዋል ስኳርዎን አደገኛ በሆነ ሁኔታ ሊያወርደው ይችላል። ከሐኪምዎም ከንስሐ አባትዎም ጋር ይነጋገሩ።

ከመሄዳችሁ ቢያንስ ስድስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ የጉዞ ክሊኒክ ሂዱ። የቢጫ ወባ ክትባት ከ60 ዓመት በላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወሰድ ብርቅ ግን ከባድ ጉዳት ሊያስከትል ስለሚችል ሐኪሙ ይመዝነዋል፤ ድሮ ስትወጡ የተሰጣችሁ ቢጫ ካርድ ካለ ፈልጉት፣ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ሜዲኬር (የአሜሪካ መንግሥት ለአረጋውያን የሚሰጠው የጤና መድን) ከጥቂት ሁኔታዎች በቀር ከአሜሪካ ውጭ ለታከሙት አይከፍልም፤ ሕሙማንን በአውሮፕላን ማጓጓዝን የሚሸፍን የጉዞ ኢንሹራንስ ግዙ።

ቲኬቱን ለመስከረም ቆርጣችሁት ከሆነ ግን አትሰርዙት። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ያለው ደጋ ላይ እስከ ኅዳር ቆዩ፤ ቆላውን ኪኒኑን እየወሰዳችሁ ለመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ብቻ ተዉት። ከሐዋሳና ከአርባ ምንጭ አንዱን መምረጥ ካለባችሁ ሐዋሳን ምረጡ፤ አርባ ምንጭ ለሌላ ጊዜ ትቆይ።