ሽቦ እንዴት ይበቅላል?

ጥያቄ፦ ለሶላር የሚሆን ናኖ ሽቦ «ያበቅላሉ» ሲባል ሰማሁ። ሽቦ ደግሞ እንዴት ይበቅላል? ወርቁስ ለምን አስፈለገ?

መልስ፦ ወዳጄ፣ ቀልድ አይደለም፣ ናኖ ሽቦ ማለት ከፀጉር እጅግ የቀጠነ ሽቦ ነው፣ እውነትም ይበቅላል። ዘዴውን ዋግነርና ኤሊስ የተባሉ የቤል ላብራቶሪ ተመራማሪዎች በ1964 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ሲሊከን (ተራው የሶላር ፓነል የሚሠራበት ቁስ) ላይ ጥቃቅን የወርቅ ቅንጣቶች ተደርገው ይሞቃሉ። ወርቅ ብቻውን 1064 ዲግሪ ሴልሺየስ ካልደረሰ አይቀልጥም፤ ከሲሊከን ጋር ሲቀላቀል ግን 363 አካባቢ ላይ ፈሳሽ ይሆናል፣ ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ከዚያ ሲሊከን ያዘለ ጋዝ ይለቀቅበታል። ጠብታው ሲሊከኑን ይጠጣል፣ ይጠግባል፣ መያዝ ሲያቅተው ትርፉን ከሥሩ እያጠጠረ ያስቀምጠዋል፤ እንዲህ እያለ ሽቦው ወደ ላይ ያድጋል፣ ጠብታው ጫፉ ላይ እንደ ባርኔጣ ጉብ ብሎ። የሽቦው ውፍረት የጠብታውን መጠን ይከተላል።

ጥቅሙ? በስዊድን የሉንድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሌሎች ጋር ሆነው በ2013 እ.ኤ.አ. ኢንዲየም ፎስፋይድ ከተባለ፣ እንደ ሲሊከን ለሶላር ከሚያገለግል ቁስ ሽቦዎች የሠሩት የሶላር ሴል፣ ሽቦዎቹ የገጹን 12 በመቶ ያህል ብቻ ሸፍነው፣ ካረፈበት የፀሐይ ኃይል 13.8 በመቶውን ወደ ኤሌክትሪክ ቀይሯል። ቀጫጭን ቢሆኑም ከራሳቸው ስፋት በላይ ብርሃን ይስባሉ።

ወርቁ ግን ጣጣም አለው፤ ሲሊከኑ ውስጥ ከቀረ ኤሌክትሪኩን የሚሸከሙትን ኤሌክትሮኖች ያጠምዳል። ለቤትህ ጣሪያ ከሆነ የጠየቅከው፣ ተራውን ፓነል ግዛ።