መልስ፦ ከቡካሬስት ውጪ ታሪክ ያለው የሮማኒያ የእግር ኳስ ክለብ አለ ወይ?

ወንድሜ፣ «ከዋና ከተማዋ ክለቦች ከስቴዋና ከዲናሞ ሌላ ማን አለ?» ላልከው የእኔ መልስ ኡታ አራድ ነው። አራድ በምዕራብ ሮማኒያ፣ ከሃንጋሪ ድንበር አጠገብ ያለች ከተማ ናት። ክለቡን በ1945 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የመሠረተው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ባለቤቱ ባሮን ፍራንቸስክ ፎን ኖይማን ነው። ፋብሪካው በ1948 ተወረሰበት፤ ስታዲየሙ ግን ዛሬ በስሙ ይጠራል።

ሊጉን 6 ጊዜ በልተዋል፦ በ1947፣ 1948፣ 1950፣ 1954፣ 1969 እና 1970። «አሮጊቷ እመቤት» የሚሏት ለዚህ ይመስለኛል (ዩቬንቱስ ብቻ እንዳይመስልህ)።

እኔን የሚገርመኝ ግን የ1970ው ነው። የሆላንዱ ፌየኖርድ የአውሮፓ ሻምፒዮን ነበር፤ በዚያው መስከረም የዓለም ክለቦችን ዋንጫም ከአርጀንቲናው ኤስቱዲያንቴስ ወስዷል። በአዲሱ የአውሮፓ ዋንጫ ውድድር የመጀመሪያ ዙር የደረሰው ተጋጣሚ ኡታ ነበር። ሮተርዳም ላይ 1ለ1፣ አራድ ላይ 0ለ0፤ ድምሩ እኩል ቢሆንም በዚያን ጊዜ ደንብ ከሜዳ ውጪ ያገባ ስለሚያልፍ፣ ኡታ ሮተርዳም ላይ ባገባት አንዲት ጎል ሻምፒዮኑ ወደቀ! በ1972 ደግሞ በዩኤፋ ካፕ (የዛሬው ዩሮፓ ሊግ) ሩብ ፍጻሜ ደርሰው በእንግሊዙ ቶተንሃም ተሸነፉ፤ ለንደን ላይ ግን 1ለ1 ወጥተዋል።

ከዚያ በኋላ ያለው መውረድና መውጣት ነው። በ2020 ወደ አንደኛው ሊግ ተመልሰዋል።