ለወተት መዝገባችን አማካይ ይሻላል ወይስ ሚዲያን?

ጥያቄ፦ «በሱሉልታ ከተማ ዳር በሚገኝ አነስተኛ የወተት ማሰባሰቢያ ማኅበር ውስጥ በሒሳብ ሠራተኛነት እሠራለሁ። የ21 አቅራቢዎቻችንን የአንድ ጠዋት ወተት ኤክሴል ላይ አስገብቼ ሂስቶግራም (በየመጠኑ ስንት አቅራቢ እንዳለ በዓምዶች ቁመት የሚያሳይ ሥዕል) ሠራሁ። ዓምዶቹ በግራ በኩል ተከምረው በቀኝ በኩል ረጅም ጭራ አወጡ። አማካዩ 17 ሊትር፣ ሚዲያኑ (ሁሉም በተራ ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚገኘው) 8 ሊትር ሆነብኝ። ሥራ አመራር ኮሚቴው ግን በሪፖርቱ ላይ አንድ ቁጥር ብቻ እንድጽፍ ይፈልጋል። የትኛውን ልጻፍ?»

መልስ፦ እኅቴ፣ አብረው የላኩልኝን ዝርዝር ከትንሹ ወደ ትልቁ ደርድሬ ተመለከትሁት። 18ቱ አቅራቢዎች ያመጡት ከ4 እስከ 15 ሊትር ሲሆን ድምሩ 150 ሊትር ነው። የቀሩት ሦስቱ 38፣ 64 እና 105 ሊትር ስላመጡ የእነርሱ ብቻ 207 ሊትር ይሆናል። ጠቅላላው 357 ሊትር ለ21 ሲካፈል ልክ 17 ይደርሳል፤ በተራው 11ኛ ላይ የተቀመጠው አቅራቢ ደግሞ ያመጣው 8 ሊትር ነው። ስለዚህ ኮምፒውተሩ አልተሳሳተም። አማካይ ሊትሩን ይቆጥራል፣ ሚዲያን ግን ሰዉን ይቆጥራል፤ ሦስት ሰዎች ከግማሽ በላይ የሆነውን ወተት በሚያመጡበት ማኅበር ሁለቱ ቢራራቁ አያስደንቅም።

ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር «ሂስቶግራሙ ግራና ቀኙ የተመጣጠነ ከሆነ አማካይን፣ ወደ አንድ ወገን ካዘነበለ ሚዲያንን ያዙ» የሚል ነው። ምክሩ መጥፎ ባይሆንም ግማሽ መንገድ ላይ ይቆማል። ቅርጹ የሚነግርዎት ሁለቱ ቁጥሮች መለያየታቸውንና ወደየት እንደተለያዩ ነው፤ የትኛውን መጻፍ እንዳለብዎት የሚወስነው ግን ኮሚቴው በቁጥሩ ሊሠራበት ያሰበው ሥራ ነው።

ለምሳሌ ኮሚቴው አዲስ አባላት ሲገቡ በየጠዋቱ የሚሰበሰበውን ጠቅላላ ወተት ለመገመት ቢያስብ፣ ጭራው የቱንም ያህል ቢረዝም የሚያስፈልገው አማካይ ነው፤ ምክንያቱም በሰው ብዛት ሲባዛ ድምሩን መልሶ የሚሰጠው እርሱ ብቻ ነው። 17 በ21 ሲባዛ 357 ይሆናል። ሚዲያኑን 8 በ21 ብናባዛ ግን 168 ሊትር እናገኛለን፤ በዚህ ስሌት መኪና ቢከራዩ ከግማሽ በላይ የሆነው ወተት በር ላይ ቆሞ ይቀራል። (የማቀዝቀዣ ታንከር መግዛት ከታሰበ ደግሞ ሁለቱም አይበቁም። የየዕለቱን ጠቅላላ ድምር ሂስቶግራም ሠርተው የቀኝ ጫፉን ይመልከቱ፤ ታንከር የሚገዛው ወተት ለሚበዛበት ቀን ነውና።)

ጥያቄው «አንድ አባላችን ብዙውን ጊዜ ምን ያህል ያመጣል?» የሚል ከሆነ መልሱ ሚዲያን ነው። ከ21 አቅራቢዎች መካከል 18ቱ ከአማካዩ በታች ናቸው፤ 17 ሊትር የሚያመጣ አንድም ሰው የለም፤ ወደዚያ የሚቀርበው እንኳ 15 ሊትር ነው። የመኖ ድርሻ፣ የጀሪካን መጠን ወይም የአባልነት መዋጮ በ17 ሊትር ልክ ቢተመን አብዛኛው አባል የማይመጥነውን ይሸከማል። ይህን የምናገረው ከራሴ ስሕተት ተነሥቼ ነው። ከዓመታት በፊት በሰበታ በኩል ለሚገኝ አንድ የዶሮ አርቢዎች ማኅበር ሪፖርት ስሠራ ሂስቶግራም ሳልሠራ የአባላቱን የዶሮ ብዛት አማካይ ብቻ ጽፌ አስረከብሁ። ሁለት አባላት በሺህ የሚቆጠሩ ዶሮዎች ነበሯቸውና ኮሚቴው በእኔ ቁጥር ተመርቶ የተመነው የመኖ ድርሻ ጥቂት ዶሮ ላላቸው አባላት በጣም በዛ፤ ከፊሉም በየቤቱ ሻገተ።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን 105 የሚለውን ቁጥር ከሚዛን መዝገቡ ጋር ያመሳክሩ። ምናልባት 10.5 ሊትር ሆኖ ነጥቡ ተዘልሎ ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ ድምሩ 262.5፣ አማካዩ 12.5 ይሆናል፤ ሚዲያኑ ግን 8 ላይ እንዳለ ይቆያል። አንዲት ነጥብ አማካዩን በ4.5 ሊትር ስታወርደው ሚዲያኑን አታነቃንቀውም። ሚዲያን ስሕተትን ይታገሣል ማለት ግን ስሕተትን ያርማል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ሊሸፍንብዎት ይችላል። መዝገቡ ትክክል ሆኖ ከተገኘ ደግሞ «ከሌሎቹ ይርቃል» ተብሎ ብቻ 105ን ማውጣት አይገባም፤ እኒያ ሰው እውነተኛ አባል፣ ወተታቸውም እውነተኛ ወተት ነው።

ስለ ዓምዶቹ ስፋት አንድ ነገር ልጨምር፤ ቅርጹን አይተው ከመፍረድዎ በፊት ስፋቱን እየለዋወጡ ደጋግመው መሣል አለብዎት። የስታቲስቲክስ ባለሙያው ኸርበርት ስተርጅስ በ1926 እ.ኤ.አ. ስለ ዓምዶች ብዛት ባወጣው ስሌት መሠረት ለ21 ቁጥሮች ስድስት ያህል ዓምዶች ይበቃሉ፤ ሆኖም ያ ስሌት የተመጣጠነ ቅርጽን ታሳቢ ያደረገ ስለሆነ ለእርስዎ መዝገብ አይስማማም። ከ4 እስከ 105 ያለውን ለስድስት ብንከፍለው እያንዳንዱ ዓምድ ወደ 17 ሊትር ስለሚሰፋ 18ቱም አቅራቢዎች አንድ ዓምድ ውስጥ ይገባሉ፣ የእርስ በርስ ልዩነታቸውም አይታይም። በየ5 ሊትሩ ቢከፍሉት ግን ከ5 እስከ 10 ሊትር ባለው ውስጥ 12 ሰዎች፣ ከ10 እስከ 15 ባለው ውስጥ 4 ሰዎች እንዳሉ በግልጽ ያያሉ።

ከዚህ የሚከፋ ቅርጽም አለ፤ እርሱም ሁለት ጉብታ ያለው ነው። የዓመቱን የዕለት ሽያጭ ሂስቶግራም ሲሠሩ እንደሚገጥምዎት እገምታለሁ። ረቡዕና ዓርብ፣ በተለይም በ55ቱ የሁዳዴ ቀናት፣ የወተት ገበያው ስለሚቀዘቅዝ አንደኛው ጉብታ በጾም ቀናት፣ ሁለተኛው በፍስክ ቀናት ይቆማል። የፍስክ ሽያጭ ወደ 300 ሊትር፣ የጾሙ ወደ 90 ሊትር ነው እንበል። አማካዩ በሁለቱ መካከል ባለው ሸለቆ ውስጥ፣ ማለትም ያን ያህል ተሸጦ በማያውቅበት ቦታ ላይ ይወድቃል። ሚዲያንም አያድንዎትም፤ ከ30 ቀናት 16ቱ ፍስክ ቢሆኑ ላይኛው ጉብታ ላይ ይቀመጣል፣ 16ቱ ጾም ቢሆኑ ደግሞ ወደ ታችኛው ይወርዳል። የሁለት ቀን ልዩነት ብቻ ቁጥሩን በ200 ሊትር ገደማ ያዘልለዋል። ይህን ያየ ኮሚቴ ገበያው እንደ ወደቀ ሊያስብ ይችላል፣ የተለወጠው ግን የቀን መቁጠሪያው ብቻ ነው። እዚህ ላይ ከሁለቱ መምረጥ አያስፈልግም፤ መዝገቡን ጾምና ፍስክ ብለው ለሁለት ይክፈሉትና ለየብቻው ያስሉ። የትኛው ቀን ወተቱ ወደ ቅቤና አይብ እንደሚዞር የሚወሰነውም በዚሁ ክፍፍል ነው።

የላክቶሜትር (የወተትን እፍግታ የሚለካው መሣሪያ) ንባብ ደግሞ ጭራው ወደ ግራ ሊወጣ ይችላል፤ ወተቱ ጤናማ ከሆነ ንባቦቹ ተቀራርበው ይቆማሉ፣ ውኃ የተቀላቀለበት ግን ወደ ታች ይንሸራተታል። በዚያ ሂስቶግራም ላይ መፈለግ ያለብዎት መሐሉን ሳይሆን ጭራው ላይ ያሉትን አቅራቢዎች ነው።

ለዚህ ወር ሪፖርት ግን ኮሚቴው አንድ ቁጥር ቢጠይቅም አንድ ዓረፍተ ነገር ይስጧቸው፦ «በዕለቱ ከ21 አቅራቢዎች 357 ሊትር ተሰብስቧል፤ ግማሽ ያህሉ አባላት 8 ሊትር ወይም ከዚያ በታች ያመጡ ሲሆን 207 ሊትሩ የመጣው ከሦስት አባላት ነው።» አማካዩን የሚፈልግ ሰው 357ን ለ21 አካፍሎ ያገኘዋል። ሂስቶግራሙንም ከሥር ይለጥፉት፤ የዓምዱ ስፋት 5 ሊትር መሆኑንና መዝገቡ የአንድ ጠዋት ብቻ መሆኑን መጻፍዎን አይርሱ።